ከጉና ሥር እስከ ፒራሚድ ግርጌ

ስለ ጥንታዊት ግብፅ የሚጻፍ ነገር ከመካነ ኢየሱስ መጀመሩ አንባቢውን ሊያስደንቀው ይችላል። ነገሩ የሚጀምረው ግን በእውነት ከዚያ ስለ ሆነ ሌላ መነሻ ላገኝለት አልቻልሁም። መካነ ኢየሱስ በቀድሞው የቤጌምድር ግዛት፣ በዛሬው ደቡብ ጐንደር፣ የእስቴ ወረዳ ከተማ ናት። በስተሰሜን ምሥራቅ የጉና ተራራ አለ፤ በስተደቡብም ምድሩ እየተዳፋ ሄዶ ከዓባይ በረሃ ይደርሳል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ታላቅ ተራራ በመሆኑ የክረምቱን ደመና ገትቶ ያዘንበዋል። ከእርሱ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ በርብና በጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ባሕር ይገባል፤ ከፊሉም በየሸለቆው እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

በልጅነታችን በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከብት ስንጠብቅ፤ ከየማሳው የሚወጣው ጐርፍ ቀይ ሆኖ ሲወርድ እናይ ነበር። ሽማግሌዎቹም ‹‹ይህ ሁሉ አፈር ምስር ገባ›› እያሉ ሲያዝኑ እንሰማለን። እኛ ልጆቹ ግን ምስር ሲባል የምናውቀው ወጥ የሚሠራበትን እህል ብቻ ስለ ነበረ፤ አፈሩ እንዴት አድርጎ ከምስር ድስት ውስጥ እንደሚገባ እየተገረምን እንስቅ ነበር። ምስር የግብፅ አገር ስም፣ የዋና ከተማይቱም የካይሮ ስም መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያ አፈር የት እንደ ደረሰ በዓይኔ ለማየት የበቃሁት ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ፤ የዓመት ፈቃዴን ከጥቂት ጐብኚዎች ጋር በግብፅ ባሳለፍሁ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የመንገዴን ድካምና ደስታ አይደለም። በአስጐብኚ እየተመራሁ ካየኋቸው ሐውልቶችና በረሃዎች የተማርሁትን የታሪክ ነገር ነው።

ኢትዮጵያዊ ወደ ግብፅ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን ሲጀምር፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል የበረረው ወደ ካይሮ ነበር። እግረኛው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የረገጠውን ፈለግ አውሮፕላኑ በሰማይ ተከተለው ማለት ይቻላል። አትናቴዎስ ዘእስክንድርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ከላከበት ጊዜ አንሥቶ፤ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ እስከ ሆኑ ድረስ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያ መንበር ጋር ተያይዛ ኖራለች። ስለዚህ ጳጳስ ለመጠየቅ የሚላኩ መልእክተኞችም ሆኑ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሡ መነኮሳት የግብፅን ምድር ያቋርጡ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አርመን አገር ሲሄዱ ያለፉት በግብፅ በኩል ነው።

የእነዚህ መንገደኞች ጉዞም ያለ መሪ የሚሆን አልነበረም። ብቻውን በረሃ የገባ ሰው መመለሱ የሚያጠራጥር ስለ ሆነ፤ ከነጋድያን ቅፍለት ጋር ተቀላቅለው፤ የውሃ ጕድጓዱ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው እየመራቸው ይጓዙ ነበር። አንደኛው መንገድ ወደ ሱዋኪን ወርዶ፣ ከዚያም በረሃውን ዘልቆ፣ በላይኛው ግብፅ ቁስ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከዓባይ ጋር ይገናኝና፤ ወንዙን ተከትሎ ካይሮ ያደርሳል። ይህን ያወቅነው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው፤ ወደ ኢጣልያ የደረሱትን የኢትዮጵያ መነኮሳት እየጠየቀ፤ ከቦታ ቦታ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጽፎ ስላኖረው ነው። መነኮሳቱ በእግራቸው የሄዱበትን መንገድ የቬኒሱ ሰው በብዕሩ አቆየው። ስንቱ መነኵሴ ሄዶ ተመልሶ መንገዱን ለደቀ መዛሙርቱ በቃል ብቻ ነግሮ እንዳለፈ እያሰብሁ ነበር ካይሮ የገባሁት።

በማግሥቱ አስጐብኚያችን አስቀድሞ ወደ ፒራሚዶቹ ይወስደናል ብለን ስንጠብቅ፤ በወንዙ መካከል ወዳለችው ሮዳ ወደምትባል ደሴት ወሰደን። እዚያም እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ አለ። ወደ ታች ጠልቆ የተቆፈረ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተገነባ ሰፊ ጕድጓድ ነው፤ በመካከሉም ስምንት ማዕዘን ያለው አንድ ረጅም የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። በዓምዱ ላይ የክንድ ልክ ምልክት ተቀርጾበታል። በቀድሞው ዘመን የወንዙ ውሃ በቦይ ገብቶ ዓምዱን እያለበሰ ሲወጣ፤ ሹሙ ሙላቱ ስንት ክንድ እንደ ደረሰ ቈጥሮ ለሕዝብ ያስነግር ነበር። 16 ክንድ ከሞላ አገሩ ይጠግባል፤ ገበሬውም ግብሩን ይከፍላል። ከዚያ ብዙ ከጐደለ ረኀብ ነው፤ እጅግ ከበለጠም መንደሩን ጐርፍ ይወስደዋል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ ይህ ዓምድ ከመቆሙ 800 ዓመት ያህል አስቀድሞ፤ የግብፅን ረኀብና ጥጋብ በዚሁ በክንድ ቍጥር ለይቶ ጽፎታል።

ናይል ግብፅ ሲደርስ ከሚይዘው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ነው፤ ደለሉማ ከሞላ ጐደል ሁሉም ከዚህ የሄደ ነው። እንግዲህ ያ ዓምድ ከሺህ ዓመት በላይ ሲቈጥር የኖረው በጉና፣ በጮቄና በስሜን ላይ የዘነበውን ዝናም ነው። የዘመን መቍጠሪያችንም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን ከወንዙ ሙላት ጋር አያይዘው ጀመሩት፤ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ሆኖ አሥራ ሁለት ወር፣ በመጨረሻም የቀሩትን ጥቂት ቀኖች አከሉ። ቅብጦች ይህንኑ ተቀብለው ቱት ብለው የሚጀምሩት ወር የኛ መስከረም ነው። ቅብጦች ዘመናቸውን ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ስለሚቈጥሩ በዓመቱ ቍጥር 276 ዓመት እንለያያለን፤ በወርና በቀን ግን አንድ ነን። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን የቱሪስት ሥራ ሲያቋቁሙ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁበት የ13 ወር ጸጋ የተባለው መጠሪያ፤ ሥሩ ከዚህ ከጥንቱ የዓባይ ዳር ዘመን አቈጣጠር ነው።

በዚያው በጕድጓዱ አፍ ቆመን አስጐብኚው ስለ አንድ ረኀብ ነገረን። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፤ በኸሊፋው በአል ሙስተንሲር ዘመን፤ ሙላቱ ለተከታታይ ዓመታት ስለ ጐደለ አገሪቱ እጅግ ተጐዳች። አል መኪን የተባለው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅብጣዊ ታሪክ ጸሐፊ፤ በዚያ ኸሊፋ ዘመን ፓትርያርኩ ሚካኤል እጅ መንሻ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተላከ፤ ንጉሡም የተገደበውን ውሃ እንዳስለቀቀ ይተርካል። በዚያን ዘመን ዓባይን የሚያቆም ኃይል በማንም እጅ ስላልነበረ ሊቃውንት ይህን እንደ አፈ ታሪክ ያዩታል። ይሁን እንጂ አፈ ታሪኩ የሚያስተምረው ነገር አለ። የምስር ሰው የውሃውን ቁመት እስከ ጣት ስፍር ድረስ ሲያውቅ፤ ውሃው ስለሚመጣበት አገር ግን የሚያውቀው ወሬ ብቻ ነበር። የላይኛውም አገር ሰው አፈሩ ‹‹ምስር ገባ›› ከማለት በቀር ስለ ታችኛው የሚያውቀው አልነበረውም። ባለማወቅ መካከል ደግሞ ፍርሃት በቀላሉ ይበቅላል።

አስጐብኚው ከዓባይ ዳር መምጣቴን በሰማ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፤ ‹‹ወንድሜ፤ እኛ በወንዙ ላይ ያለንን የጥንት ሥራ ይኸው አየኸው። በእናንተስ ዘንድ በዚህ ወንዝ ላይ የቆመ የጥንት ሥራ አለ? ማን ሠራው? መቼ?›› ብሎ ጠየቀኝ። ከእስቴ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ ትዝ አለኝ። ነገር ግን ‹‹አንድ አሮጌ ድልድይ አለ›› ብዬ ከመመለስ በቀር የምጨምረው ቃል አጣሁ። እርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ስለ ቆመው ዓምድ ዓመቱን፣ ያሠራውን፣ የመለካቱን ሥርዓት ሲናገር፤ እኔ በደጄ ስላለው ሥራ የማውቀው ስሙን ብቻ ሆነ። በዚያ ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ጉዞው መጨረሻ አብሮኝ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጊዛ ሄድን። ትልቁ ፒራሚድ ለንጉሡ ለኩፉ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2,560 ገደማ ነው። በተሠራበት ጊዜ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ ጫፉ ስለ ፈረሰ ዛሬ 138 ሜትር ያህል ነው። የእያንዳንዱ ጐን ርዝመት 230 ሜትር ሲሆን፤ የገባበትም ድንጋይ 2.3 ሚሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። ከእርሱ በፊት የተሠራው በሳቃራ ያለው የንጉሡ የጆሴር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ነው። የዚህን አሠራር ያቀደው ኢምሆቴፕ የተባለው የንጉሡ ሹም መሆኑ ይነገራል።

ከዚህ ሁሉ የድንጋይ ብዛት ይልቅ የእኔን ልብ የነካው ግን አንድ የወረቀት ቍራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳዊው ሊቅ በፒየር ታሌ የሚመሩ ቈፋሪዎች፤ በቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጃርፍ በተባለ ቦታ፤ ከኩፉ ዘመን የቀሩ የፓፒረስ ጽሑፎች አገኙ። እስከ ዛሬ ከተገኙት የተጻፈባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ መረር የተባለ የሠራተኞች ተቈጣጣሪ የጻፈው የየዕለት የሥራ መዝገብ ነው። መረር ከሰዎቹ ጋር ከቱራ ተራራ የተፈለጠውን ነጭ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ፤ በወንዙና በቦዩ ወደ ጊዛ እንዴት እንዳመላለሰ፤ የት እንዳደረ፤ በስንተኛው ቀን እንደ ተመለሰ በሰንጠረዥ አስፍሮ አቆይቶልናል። ድንጋዩን እስከ ፒራሚዱ ግርጌ ያቀረበውም በክረምት ከኛ አገር ወርዶ ቦዩን የሚሞላው ውሃ ነበር።

መረር ንጉሥ አይደለም፤ ጦር አልመራም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። እንደ እኛ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራውን ሠራ፤ የሠራውንም ቀን በቀን ጻፈ። ስለ ፒራሚዱ አሠራር ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሲያወራ ከኖረ በኋላ፤ ከ4,500 ዓመት በላይ ተሻግሮ በዓይኑ ያየውን የሚመሰክር የተገኘው በዚህ በአንድ ተራ ሹም መዝገብ ነው። መዝገብ መያዝ ከቢሮ ሥራ ሁሉ የሚያሰለቸው እንደ ሆነ ለምናስብ ለእኛ፤ ይህ ብዙ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው መንገድ፤ ከካይሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ዋዲ ናጥሩን የሚባል ዝቅተኛ የበረሃ ሸለቆ አለ። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን በሁለት ይከፍሉት ነበር፤ በወንዙ ደለል የለመለመውን ምድር ‹‹ጥቁሩ››፣ በረሃውን ደግሞ ‹‹ቀዩ›› ይሉት ነበር። የእርሻው ድንበርና የአሸዋው መነሻ በአንዳንድ ቦታ እጅግ የተጠጋጋ ስለ ሆነ፤ ሰው አንድ እግሩን በጥቁሩ፣ አንድ እግሩን በቀዩ ላይ አድርጎ ሊቆም ይችላል። ያን ጥቁር አፈር ባየሁ ጊዜ፤ ከኛ ዘንድ ቀይ ሆኖ የወረደው ጐርፍ ትዝ አለኝ።

የሸለቆው ስም ከውሃው ከሚወጣው ናጥሮን ከሚባል ጨው የመጣ ነው። የጥንቶቹ ሬሳ አድራቂዎች የንጉሡን አስከሬን ውስጡን ካጸዱ በኋላ፤ በዚህ ጨው ሸፍነው 40 ቀን ያህል ያደርቁት ነበር። በኋላ ግን ወደዚህ በረሃ የመጡት ሥጋቸው እንዳይፈርስ የሚሹ ሳይሆኑ ሥጋቸውን ሊያደክሙ የወደዱ ሰዎች ናቸው። አባ መቃርስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ገዳም መሠረቱ፤ ቦታውም ስንክሳር የሚሰማ ሁሉ የሚያውቀው ገዳመ አስቄጥስ ነው። ዛሬም አራት ገዳማት በታላላቅ ግንቦች ታጥረው ይኖሩበታል። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዚህ በረሃ ይኖሩ ነበር። አብረውኝ የነበሩት የሌላ አገር ጐብኚዎች በረሃውን ሲያዩ ባዶ መሬት ነው የታያቸው፤ ለእኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙን ስሰማው የኖርሁት አገር ነበር። ወደ ደቡብ በላይኛው ግብፅ ያለው የቍስቋም ገዳምም እንዲሁ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጐንደር ያሠሩት ደብረ ቍስቋም የተሰየመው በዚሁ በግብፁ ቦታ ስም ነው፤ ኅዳር 6 ቀንም በየዓመቱ ይከበራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በግብፅ የነበረው የምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰሙ ጊዜ፤ በአገራቸው በተጕለት ደብረ ምጥማቅን አሠሩ፤ ለግብፁ ሱልጣን ለጃቅማቅም እ.ኤ.አ. በ1443 የደረሰ ደብዳቤ ላኩ።

ከዚያ ወደ ሉቅሶር ወረድን። በካርናክ መቅደስ ውስጥ ካለው ከታላቁ አዳራሽ 134 ዓምዶች ቆመዋል። ከወንዙ ማዶ በዴር አል ባሕሪ ንግሥቲቱ ሐትሸፕሱት ወደ ፑንት አገር መርከቦች ልካ ዕጣንና የከርቤ ዛፎች ማስመጣቷ በግንቡ ላይ ተሥሏል። ፑንት የት እንደ ሆነ ብዙ ቢከራከሩበትም፤ ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፤ ከዛሬዎቹ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቻቸው ምድር የሚያርቁት ሊቃውንት ጥቂቶች ናቸው። በነገሥታቱ የመቃብር ሸለቆም የሣልሳዊ ራምሴስ መቃብር አለ። ለዚህ መቃብር ጐብኚዎች ለረጅም ጊዜ የብሩስ መቃብር የሚል ስም ሰጥተውት ነበር። ይህም ብሩስ ጐንደር የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ከመቃብሩ ግድግዳ ላይ ያያቸውን በገና ደርዳሪዎች ሥዕል አስነሥቶ ለአውሮፓ አሳየ፤ ከኛም ዘንድ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። የወንዙን ሁለት ጫፍ ያየው ሰው ሁለቱንም ጻፈ።

ከሉቅሶር በላይ፤ በአስዋን አጠገብ፤ የፊላይ መቅደስ አለ። በግድግዳው ላይ እ.ኤ.አ. በ394 የተቀረጸው ጽሑፍ፤ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የሂሮግሊፍ ጽሑፎች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ያን ፊደል የሚያውቁ ካህናት ጠፉ። ሐውልቶቹ አልጠፉም፤ ፊደሉም ከግድግዳው አልተፋቀም፤ የሚያነበው ሰው ግን አልነበረም። ከ1,400 ዓመት በላይ ግብፅ በድንጋይ ተሞልታ ዲዳ ሆነች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1799 በሮዜታ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተቀረጸ ድንጋይ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ፈረንሳዊው ሻምፖልዮን ምሥጢሩን ፈታው። ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ የቅብጥ ቋንቋ ማወቁ ነው። ቅብጥ የጥንቱ የግብፅ ቋንቋ የመጨረሻ ልጅ ሲሆን፤ በገበያና በቤት መነገሩ ቢቀርም በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ ስለ ተጠበቀ ነው ለሊቁ የደረሰው። ዲያቆናት በቅዳሴ ሲያዜሙት የኖሩት ቋንቋ የፈርዖኖቹን በር መክፈቻ ሆነ።

እኛም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለን። በአክሱም የቆመው የንጉሡ የዔዛና ድንጋይ በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፎበታል። ግዕዝ በቤተ ክርስቲያን ስላልጠፋብን፤ ከ1,600 ዓመት በኋላም የንጉሣችንን ቃል ለማንበብ እንደ ሻምፖልዮን ያለ ሰው መጠበቅ አላስፈለገንም። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያስተማሩት ፊደል ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ የተረዳሁት በፊላይ ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ቋንቋ አልጠፋም ማለት ነገር ሁሉ ተጽፏል ማለት አይደለም።

ጉዟችን ያበቃው በአቡ ሲምብል ነው። የዳግማዊ ራምሴስን መቅደስ ሊውጠው የነበረው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1960 ለዓለም ጥሪ አድርጎ፤ ከ1964 እስከ 1968 መቅደሱ በብሎክ በብሎክ ተቈርጦ፤ 65 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ቦታ ላይ እንደ ገና ተገጠመ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ በኋላ ግን የዓባይ ደለል እርሻው ዘንድ መድረሱ ቀረ፤ ከናስር ሐይቅ ሥር ተኝቶ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ስላለ፤ ብዙው አፈር ከጉባ አያልፍም። ስለዚህ የእስቴ ሽማግሌዎች ‹‹ምስር ገባ›› የሚሉት አፈር አሁን ለምስርም ገበሬ አይጠቅምም፤ የኛንም ግድብ ሆድ ይሞላል። በጉና ሥር የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ ዛሬ የሁሉም ጥቅም ሆኗል።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ወደ መካነ ኢየሱስ ወጣሁ፤ ከዚያም ወደ ዓባይ ወርጄ ሰባራ ድልድይን አየሁ። ይህ ድልድይ ከእስቴና ከአንዳቤት በኩል የሚወርደውን መንገደኛ ወደ ጐጃም፣ ወደ ሞጣ የሚያሻግር፤ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ሥራ ነው። የተሠራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙንም ከዚያ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በተሰበረው ክፍል ላይ በገመድ ታስሮ፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች እየጐተቱት ይሻገር ነበር። ከእስቴ ወደ ሞጣ ገበያ የሚሄድ ሰው ነፍሱን ለገመዱ አደራ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 እና ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ርዳታ ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጐርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከሙላቱ በላይ የተንጠለጠለ የሽቦ ድልድይ ተሠራ።

ይህን የጻፍሁት ከተለያየ ቦታ አሰባስቤ ነው እንጂ በድልድዩ አጠገብ የሚነግረኝ አንድም ጽሑፍ አላገኘሁም። ከሽማግሌዎቹ ብጠይቅ አንደኛው የፋሲል ሥራ ነው አሉኝ፤ ሌላው ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት አሉ። አንድ አባት ግን በገመድ የተሻገሩበትን ቀን፣ ከማዶ ማን እንደ ጐተታቸው፣ በጫንቃቸው ተሸክመውት የነበረው እህል እንዴት እንደ ረጠበ ነገሩኝ። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። እኒያ አባት ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ነው።

ግብፅ በሐውልቶቿ ብዙ ሀብት ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በይፋ የተከፈተው ታላቁ የግብፅ ቤተ መዘክር፤ የቱታንካሙንን ከመቃብሩ የወጡ ከ5,000 በላይ ዕቃዎች በአንድነት ለማሳየት በቅቷል። ይሁን እንጂ ሰው ከሩቅ አገር ገንዘቡን አውጥቶ የሚመጣው ድንጋዩን ብቻ ለማየት አይመስለኝም። ድንጋይማ በየአገሩ ሞልቷል። የሚመጣው ድንጋዩ ስለ ተነበበ፣ ታሪኩም ስለሚነገር ነው። እኛ በየወረዳው አድባራት፣ ድልድዮች፣ የነገሥታት ከተሞችና የጦር ሜዳዎች አሉን፤ የሚጐድለን የሚነግራቸው ነው። ይህም ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የሰሙትን ቢያስጽፍ፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የተጻፈውን ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጠቅሶ በመዝገብ ቢያኖር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ‹‹ማን ሠራው? መቼ?›› ለሚል እንግዳ የምንመልሰው ይኖረናል።

ከድልድዩ ተመልሼ በመካነ ኢየሱስ ባደርሁባት ሌሊት፤ የእኒያን አባት ነገር ሳልረሳው ለመጻፍ ደብተሬን አወጣሁ። በራሱ ላይም እንደ ሹሙ እንደ መረር አስቀድሜ ቀኑን ጻፍሁ።